ከጉድለታችን እንታረቅ፣ ከ«ነገ» ግን አንታረቅ

ምስጋና ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢያን! የ2017 ዓ.ም. ታህሳስና ጥር በአዋሽና በአካባቢዋ ለምንኖር ሰዎች የሚረሱ ወራት አይደሉም። ከመስከረም ወር ጀምሮ በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ ምድር ስትንቀጠቀጥ ቆየች፤ በታህሳስና በጥር ግን ባሰባት። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ብዙ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው ተነስተው ወደ ሌላ ስፍራ ሄዱ። ቤታችን የቆመልን ሰዎችም ብንሆን ጣሪያውን አላመንነውም፤ ምንጣፋችንን አውጥተን ደጅ አደርን።

ከእነዚያ ሌሊቶች በአንዱ አንድ ጎረቤቴ ወደ ምንጣፌ ቀረቡና «ኡስታዝ፣ ወረቀትና እስክርቢቶ ይኖርሃል?» አሉኝ። እኚህ ሰው በዕድሜ ይበልጡኛል፤ በንግድ የቆዩ፣ ሰው የሚያምናቸው ናቸው። ኑዛዜያቸውን ለመጻፍ ከእኔ ጋር መነጋገር ከጀመሩ ሦስት ዓመት አልፏል። በመጀመሪያው ዓመት «የቤቱ ካርታ ይውጣና» አሉ። በሁለተኛው «ከሸሪኬ ጋር ያለው ሒሳብ ይጣራና» አሉ። በሦስተኛው ደግሞ «በአረብኛም በአማርኛም በደንብ ተጽፎ፣ ምስክሩ ተሟልቶ፣ አንዴ ከተጻፈ ወዲያ የማይነካ ሆኖ ይሁን» አሉ። በዚያች ሌሊት ካርታውም አልወጣም፣ ሒሳቡም አልተጣራም ነበር። በእጅ ባትሪ ብርሃን፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ፣ የማን ዕዳ እንዳለባቸው፣ ማን ዘንድ ገንዘብ እንዳላቸው፣ የማን አደራ ሳጥናቸው ውስጥ እንደተቀመጠ ነገሩኝ፤ ጻፍኩ፤ ሁለት ጎረቤቶች መሰከሩ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ሦስት ዓመት የተጠበቀው ሥራ የሩብ ሰዓት ሥራ ሆኖ ተገኘ!

ቡኻሪና ሙስሊም ከዐብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ተጽፎ እርሱ ዘንድ ሳይኖር ሁለት ሌሊት እንዲያድር እንደማይገባው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ሁለት ሌሊት! እኛ ሦስት ዓመት አሳደርነው። «እኛ» ያልኩት እያወቅኩ ነው። እኔም ኡስታዝ ተብዬ፣ ሐዲሱን በቃሌ እያወቅኩ፣ የራሴን አልጻፍኩም ነበር። የዚያን ሌሊት ወደ ምንጣፌ ስመለስ እንቅልፍ የነሳኝ የምድሩ ንቅናቄ ብቻ አልነበረም። «የአንተስ የሩብ ሰዓት ሥራዎች የት ናቸው?» የሚለው ጥያቄ ነበር።

የሰነፍ ያልሆነ ሰው ስንፍና

ስለ ስንፍና ብዙ ተጽፏል፤ በሚንበርም ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ የምከራከረው ከሰነፍ ጋር አይደለም። ሰነፍ ሥራውን ስለማይወደው ይተወዋል፤ ጥፋቱንም ያውቀዋል። የምከራከረው ሥራውን በጣም ስለሚወደው ከሚያዘገየው ሰው ጋር ነው። ይህ ሰው «ጥሩ አድርጌ ካልሠራሁት ባልሠራው ይሻላል» ይላል። ቁርአን መማር ይፈልጋል፤ ግን «ሰፊ ጊዜ አግኝቼ፣ ከጥሩ ቃሪእ ዘንድ፣ ተጅዊዱን ከሥሩ» ይላል። ሐጅ ማድረግ ይፈልጋል፤ አቅሙም ደርሷል፤ ግን «መጀመሪያ ጠባዬን ላስተካክል» ይላል። ከወንድሙ ጋር መታረቅ ይፈልጋል፤ ግን «በደህና ሽማግሌ፣ በደህና ቀን» ይላል። ተውባ ማድረግ ይፈልጋል፤ ግን «ተውባዬ የማይፈርስ እስኪሆን ልጠንክር» ይላል። ምክንያቱ ሁሉ ያማረ ነው። የሚያደርሰው ግን አንድ ቦታ ነው፤ አለመሥራት።

ዑለማዎቻችን ይህን በሽታ ተስዊፍ ይሉታል። ቃሉ «ሰውፈ» ከሚለው የአረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን ወደፊት የሚሆንን ነገር ያመለክታል። በእኛ አነጋገር «ቆይ፣ አደርገዋለሁ» እንደማለት ነው።

አሁን አሁን ደግሞ አንድ አዲስ ምክር ይሰማል። በተለይ የተማሩ ወጣቶቻችን «እኔ የማዘገየው ፍጹም የሆነ ነገር ስለምፈልግ ነው፤ ተፈጥሮዬ ነው፤ ከዚህ ጠባዬ ጋር ታርቄያለሁ፤ ራሴን መውቀስ አቁሜያለሁ» ይላሉ። እርቅ መልካም ነው፤ ዲናችንም እርቅን ይወዳል። ግን እርቁ ከማን ጋር ነው? ፍጹም አለመሆን የአዳም ልጅ ተፈጥሮ ነው፤ ከማል የአላህ ብቻ ነው። ፍጹም ባለመሆናችን አንጠየቅም። ማዘግየት ግን ምርጫ ነው፤ በእርሱ እንጠየቃለን። እነዚህ ወንድሞችና እህቶች መታረቅ ከሚገባቸው ከጉድለታቸው ጋር ተጣልተው፣ መጣላት ከሚገባቸው ከማዘግየታቸው ጋር ታርቀዋል። ክርክሬ በአጭሩ ይኸው ነው።

ሁለት መጓጓዣ የነበረው ሰው

በዚህ ጉዳይ ከካዕብ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ታሪክ የበለጠ አስተማሪ አላውቅም። ታሪኩን የተናገረው ራሱ ካዕብ ሲሆን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ተቡክ ሲዘምቱ ጊዜው ሐሩር፣ መንገዱ ሩቅ፣ ፍሬ የደረሰበትና ጥላ የሚናፈቅበት ወቅት ነበር። የአፋርን ሰኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ካዕብ ሙናፊቅ አልነበረም፤ ድሃም፣ ደካማም አልነበረም። እንዲያውም እንደዚያን ጊዜ ተመችቶት አያውቅም፤ ከዚያ በፊት ሁለት መጓጓዣ በአንድ ጊዜ ኖሮት የማያውቅ ሰው በዚያ ዘመቻ ወቅት ሁለት ነበሩት። በየጠዋቱ ሊሰናዳ ይወጣል፤ ምንም ሳያሰናዳ ይመለሳል። በፈለገ ጊዜ እንደሚችል ልቡን ያሳምነዋል። ሠራዊቱ ተነስቶ ሄደ፤ እርሱ ግን ተከትሎ እንደሚደርስበት እያሰበ ቀናት አለፉ። በመጨረሻ ነገሩ አመለጠው።

ልብ በሉ! ካዕብን ያስቀረው ማጣት አይደለም፤ መሟላት ነው። «ሁሉ ነገር ይሟላልኝና እጀምራለሁ» የሚል ሰው ይህን ታሪክ ደጋግሞ ያንብበው። ለካዕብ ሁሉ ነገር ተሟልቶለት ነበር። የሚጎድለው መነሳት ብቻ ነበር።

ከእርሱ ጋር ሙራራ ኢብን አር-ረቢዕና ሂላል ኢብን ኡመያ (ረ.ዐ) ቀርተው ነበር። ሃምሳ ሌሊት ከሰው ተለይተው፣ ሰፊዋ ምድር ጠብባቸው ቆዩ። ከዚያ በኋላ አላህ (ሱ.ወ) ተውባቸውን መቀበሉን በሱረቱ-ተውባ (9፡118) አወረደ። ካዕብን ያዳነው ምን ነበር? እውነት መናገሩ ነው። ሌሎች እየመጡ ሰበብ ሲደረድሩ እርሱ ምንም ሰበብ እንደሌለው ተናገረ። «ጠባዬ ነው፣ ተቀበሉኝ» አላለም። ከማዘግየቱ ጋር አልታረቀም፤ ወቀሰው፣ አለቀሰበት፣ ከእርሱም ወጣ።

በሌላ በኩል አቡ ኸይሰማን (ረ.ዐ) ተመልከቱ። እርሱም ቀርቶ ነበር። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን፣ ሠራዊቱ ከሄደ ከቀናት በኋላ ወደ አትክልቱ ገባ። ሚስቶቹ ዳሱን ውሃ ረጭተው፣ የሚጠጣውን አቀዝቅዘው ጠበቁት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በፀሐይና በንፋስ ውስጥ ሆነው እርሱ ጥላ ሥር መቀመጡ አሳፈረው። ዳሱ ውስጥ ሳይገባ ስንቁን አስይዞ ወጣ፤ ተቡክ ላይ ደረሰባቸው። ዘግይቷል፤ ግን ደርሷል። ፍጹምነት ፈላጊ ቢሆን ኖሮ «መጀመሪያው አምልጦኛል፤ ከዘገየሁ ወዲያ ምን ዋጋ አለው? ለሚቀጥለው ዘመቻ እዘጋጃለሁ» ብሎ በቀዝቃዛው ውሃ አጠገብ ይቀመጥ ነበር።

የላሟ ጥያቄ

ሱረቱል-በቀራ ስሟን ያገኘችው ከአንዲት ላም ታሪክ ነው። በኒ ኢስራኢል ላም እንዲያርዱ ታዘዙ (2፡67-71)። ትእዛዙ ቀላል ነበር። እነርሱ ግን መጠየቅ ጀመሩ፤ ዕድሜዋ ስንት ነው? መልኳ ምን ዓይነት ነው? ሁኔታዋስ? ላሞቹ ተመሳሰሉብን አሉ። በጠየቁ ቁጥር ነገሩ ጠበበባቸው። በመጨረሻ አረዷት፤ ግን ሊቀሩ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ሙፈሲሮች ከኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት መጀመሪያ ያገኟትን ላም ቢያርዱ ይበቃቸው ነበር።

እኛ ይህን ስንቀራ «እነዚያ አስቸጋሪ ሕዝቦች» እንላለን። እስቲ ራሳችንን እንመልከት! «ቁርአን ቅራ» ስንባል «በየትኛው ሪዋያ? በየትኛው ሰዓት? ከየትኛው ገጽ?» እያልን አሥር ዓመት የምናሳልፍ እኛ አይደለንም? ጥያቄ ሁሉ ዒልም ፍለጋ አይደለም። አንዳንዱ ጥያቄ ቢላዋውን ላለማንሳት የሚጠየቅ ነው።

«ኢሕሳንስ?» ለሚሉ

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ክርክር ይነሳል። «ኡስታዝ፣ ዲናችን ሥራን አሳምሮ መሥራትን ያዝ የለም? ያልበሰለ ነገር አቅርቡ እያልከን ነው?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሙስሊም ከሸዳድ ኢብን አውስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ፣ በማረድ እንኳ ቢሆን ቢላዋን መሳል እንደሚገባ ተነግሮናል። እውነት ነው። ግን ሐዲሱ የተነገረው ለሚያርድ ሰው ነው። ቢላዋውን ዓመት ሙሉ ሲስል ከርሞ እንግዶቹን በረሃብ የሚያሳድር ሰው ሙሕሲን አይባልም። ኢሕሳን የሥራው አሠራር ነው፤ ላለመሥራት ምክንያት አይደለም።

ሶላቱን አሳንሶ የሰገደውን ሰው ሐዲስም አስታውሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶላቱን እንዳልሰገደ ቆጥረው እንዲደግም መለሱት፤ ሦስት ጊዜ። ብዙዎቻችን ከዚህ የምንወስደው ጥብቅነቱን ብቻ ነው። ያስተዋልን ግን ሌላም እናያለን፤ «አሳምረህ እስክትችል ድረስ አትስገድ» አላሉትም። ተመልሶ አሁኑኑ እንዲሰግድ አዘዙት። ከዚያም ሌላ እንደማያውቅ ሲናገር አስተማሩት። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት እየሠሩ መታረም ነው እንጂ እስኪታረሙ መቀመጥ አይደለም። ቡኻሪ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ዲን ገር መሆኑን፣ የሚያከብዱት ሰዎች እንደሚሸነፉ፣ ልኩን ማነጣጠር፣ ካልሆነም መቅረብ እንደሚያስፈልግ ተነግሮናል። መቅረብ! ፍላጻው ዒላማውን ባይመታ እንኳ ወደ ዒላማው የተወረወረ ይሁን። ያልተወረወረ ፍላጻ አይስትም፤ አይመታምም።

ለዚህ ከዑለማዎች ኪታብ ወዲያ በአጠገባችን ያለ ትምህርት አለ። የአፋር ወንድሞቻችን ዳጉ አላቸው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ሰላም፣ ስለ ሞተና ስለ ተወለደ ሰው። ዳጉ ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ ይፈልጋል። አንደኛ፣ እውነት መሆን አለበት፤ ያየኸውን እንዳየኸው፣ የሰማኸውን እንደሰማኸው ለይተህ ትናገራለህ። ሁለተኛ፣ አይዘገይም። «ሙሉውን ሳውቅ እነግርሃለሁ» ብሎ ዝም የሚል ሰው የለም፤ እርሱ ሙሉውን እስኪያውቅ የሌላው ከብት ይሞታላ! እንግዲህ ጥንቃቄና ፍጥነት ጠላት አይደሉም። ፊደል ያልቆጠረ የግመል እረኛ ሁለቱንም ይዞ ይኖራል። እኛ ኪታብ የቀራነው ለምን ያቅተናል?

ሉህና ደብተር

ወላጆች ሆይ! አሁን የምናገረው ለእናንተና ለእኔ ለአስተማሪው ነው።

በድሮው መድረሳ የምንማረው በሉህ ነበር። በጥቀርሻ ቀለም ትጽፋለህ፤ ኡስታዙ ያርምሃል፤ ስትጨርስ ታጥባለህ፤ እንደገና ትጽፋለህ። ሉህ ስህተት እንደሚኖር አስቀድሞ የሚያውቅ ሰሌዳ ነው። ስለዚህ እጃችን አይፈራም ነበር። ዛሬ ልጆቻችንን ስመለከት ብዙዎቹ ይፈራሉ። አንድ ልጅ የቤት ሥራውን ሳይጀምር ሲያመሽ አባቱ «ሰነፍ» ይለዋል። ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ግን ልጁ ሰነፍ አይደለም። ባለፈው አንድ ፊደል ስለተሳሳተ ገጹ በሙሉ ተቀድዶበታል። ዘጠና አምስት አምጥቶ ሲገባ «አምስቱስ የት ሄደ?» ተብሏል። ይህ ልጅ የተማረው ትምህርት አንድ ነው፤ ያልጀመረ አይሳሳትም፤ ያልተሳሳተ አይሰደብም። በዚህ ዓይነት አሥር ዓመት ያደገ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው ሁሉን ነገር ለነገ ቢያስተላልፍ ምን ይገርማል?

ቡኻሪና ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የዘገቡትን አስቡ። ቁርአንን አጥርቶ የሚቀራ ከተከበሩት መላእክት ጋር እንደሆነ ተነግሯል። እየተንተባተበ፣ እየከበደው የሚቀራውስ? ሁለት አጅር አለው። አላህ ለሚንተባተበው ሰው ሁለት አጅር ሲያዘጋጅ እኛ ደግሞ በሳቅና በቁጣ እናባርረዋለን። ይህን ያልኩት ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም።

በሰመራ ሳስተምር በነበረበት ጊዜ አንዲት ሻይ የሚሸጡ እናት ነበሩ። ዕድሜያቸው ከስድሳ የሚያልፍ ይመስለኛል። አንድ ቀን ከዐስር በኋላ መጥተው «ልጄ፣ ፋቲሓን በደንብ አላውቃትም። ስሰግድ አፍራለሁ። አስተምረኝ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ግን ምን አልኩ? «እናቴ፣ ለእናቶች ራሱን የቻለ ክፍል ልንከፍት ነው። ሴት አስተማሪ ይመጣል፤ መጽሐፍ ይገዛል፤ ከረመዷን በኋላ በሥርዓቱ ይማራሉ።» ያሰብኩት መልካም ነበር። ክፍሉ መጋረጃ ያስፈልገው ነበር፤ ማራገቢያም ያስፈልገው ነበር፤ የሰመራን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ረመዷን አለፈ። አስተማሪዋ ተገኘች፤ መጽሐፉ አልደረሰም። መጽሐፉ ደረሰ፤ ክፍሉ አልተለቀቀም። እኚያ እናት ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ፣ ደረሰ?» ይሉኛል። እኔም «ኢንሻአላህ፣ ትንሽ ነው የቀረው» እላለሁ። ከዚያ ወደ አሳይታ ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ መሞታቸውን ሰማሁ። አላህ ይዘንላቸው።

ሰባት አንቀጽ ናት። በሻይ ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆሜ በቀን አንድ አንቀጽ ብላቸው በሳምንት ታልቅ ነበር። እኔ ግን ያማረ የእናቶች ክፍል ስመኝ አንዲት እናትን አጣሁ። ይህን ለዓመታት ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ የጻፍኩት ከእናንተ መሐል አንዱ ኡስታዝ፣ አንዲት ልጅ፣ አንድ ባል ነገ ሳይሆን ዛሬ ማታ ለአንድ ሰው ፋቲሓን እንዲያስቀራ ብዬ ነው።

የማን ዓይን ነው የሚያስፈራን?

ይህ በሽታ ከየት ይመጣል? ሥሩን ስቆፍር ብዙ ጊዜ የማገኘው የሰው ዓይን ነው። «ሰው ምን ይለኛል? ኡስታዝ ተብዬ እንዲህ ዓይነት ክፍል ከፈተ ይሉኛል።» አላህን ብቻ እያሰብኩ ቢሆን ኖሮ የሻይ ጠረጴዛው ይበቃኝ ነበር። ፉደይል ኢብን ዒያድ (ረሒመሁላህ) ለሰው ብሎ መሥራት ብቻ ሳይሆን ለሰው ብሎ መተውም የልብ በሽታ መሆኑን አስተምረዋል። ሸይጧን ብልህ ነው። ለሰነፉ «አትሥራ» ይለዋል። ለትጉሁ ግን እንዲህ አይለውም፤ ስለማይሰማው። ለእርሱ «አሳምረህ ሥራ፣ ግን ዛሬ አይደለም» ይለዋል። የሚመክረው መልካም ስለሚመስል አንጠረጥረውም።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር። ዉዱእን አሥር ጊዜ የሚደጋግሙ፣ ተክቢራን ማሰር የሚከብዳቸው፣ ወስዋስ ያስጨነቃቸው ወንድሞችና እህቶች አሉ። ከእነርሱ ጋር አልከራከርም። ኢብኑል-ጀውዚ በ«ተልቢስ ኢብሊስ» ኪታባቸው ስለዚህ ጉዳይ በሰፊው ጽፈዋል። ዑለማዎች ያዘዙት መድኃኒት ለወስዋሱ ጆሮ አለመስጠትና አንዴ አድርጎ ማለፍ ነው። ከበረታ ደግሞ ሐኪም ዘንድ የሚታከም ሕመም ነው። እነዚህን ሰዎች «ኢማንህ ደክሞ ነው» እያልን ሸክም አንጨምርባቸው።

ሳይሟሉ የተጀመሩ ሥራዎች

ታላላቅ ሥራዎች እንዴት ተጀመሩ? ከየማማ ጦርነት በኋላ ብዙ ቁርራኦች ሲሰዉ ዑመር (ረ.ዐ) ቁርአን በአንድ ላይ እንዲሰበሰብ አሳሰበ። አቡበክር (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያልሠሩትን ሥራ እንዴት ልሥራ ብሎ አመነታ። ወጣቱ ዘይድ ኢብን ሳቢትም (ረ.ዐ) ያንኑ ጠየቀ፤ ተራራ ከማንቀሳቀስ ይልቅ ከበደው። ማመንታታቸው ከተቅዋ የመጣ ነበር። ግን ማመንታቱ ዓመታት አልፈጀም። ዘይድ ከዘንባባ ዝንጣፊ፣ ከድንጋይ፣ ከሰዎች ልብ መሰብሰብ ጀመረ። አመቺ ወረቀት እስኪገኝ ቢጠብቁ ኖሮስ?

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የቁርአን የአማርኛ ትርጉም በሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና በሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ተዘጋጅቶ በ1961 ዓ.ም. ታተመ። ቁርአንን ያህል ነገር ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ኪታብ የቀራ ሰው ያውቀዋል። የትኛውም ትርጉም አረብኛውን ሊተካ አይችልም፤ ይህን ተርጓሚ ሁሉ ያውቃል። «እንከን የሌለው ካልሆነ» ቢሉ ኖሮ ስንት አማርኛ አንባቢ ቤተሰብ የጌታውን ቃል መልእክት ሳያውቅ ባለፈ ነበር?

የዱንያውም ሥራ እንዲሁ ነው። በአዋሽ በኩል ያለፈው የድሮው ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በመካከሉ አሥራ አምስት ዓመት አለ። ባቡሩ ግን ሐዲዱ እስኪያልቅ ቆሞ አልጠበቀም፤ እስከ ድሬዳዋ ባለው ሐዲድ ሲሠራ ኖረ። ሰመራን ራሷን ተመልከቱ። የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ወደዚያ ሲዛወር ያለቀለት ከተማ አልጠበቀም። ሰው ገባ፤ ከተማው ከሰው ጋር አደገ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው ቃል ለዚህ ነው።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ኑዛዜ ያልጻፋችሁ በዚህ ሳምንት ጻፉ። ካርታ ባይወጣም፣ ሒሳብ ባይጣራም ዕዳችሁንና አደራችሁን ጻፉ። ሲጣራ ታርሙታላችሁ።

ሁለተኛ፦ «ኢንሻአላህ» የሚለውን ቃል ወደ ክብሩ እንመልሰው። በሱረቱል-ከህፍ (18፡23-24) የታዘዝነው ነገ ልንሠራ የቆረጥነውን ከአላህ ፈቃድ ጋር እንድናያይዝ ነው። እኛ ግን ላለመሥራት የምንሸፈንበት ልብስ አደረግነው። ከእንግዲህ «ኢንሻአላህ» ስንል ቀኑን አብረን እንናገር፤ «ኢንሻአላህ፣ ሰኞ ከመግሪብ በኋላ» እንበል።

ሦስተኛ፦ ልጆቻችሁ ለኒካሕ ሲደርሱ «ወርቁ ይሟላ፣ ቤቱ ይለቅ፣ ድግሱ ይመር» እያላችሁ ዓመታት አታስቆጥሯቸው። የድግስ ጉድለት በሁለት ቀን ይረሳል። በመጠበቅ መሐል የሚመጣው ጥፋት ግን አይረሳም።

አራተኛ፦ ትንሽ ጀምሩ፤ ግን አታቋርጡ። አላህ ዘንድ ከሥራ ሁሉ የሚወደደው ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተላልፈዋል። በቀን አንድ አንቀጽ፣ በወር አንድ ብር ሰደቃም ቢሆን።

አምስተኛ፦ በሚጀምር ሰው ላይ አትሳቁ። በአንድ ሳቅ አንድ ሰው ሃያ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል።

ውድ አንባቢያን! የአዋሽ ወንዝ ከምዕራብ ሸዋ ተነስቶ ያን ሁሉ ቆላ አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ባሕር አይደርስም። ነገር ግን «ባሕር ካልደረስኩ አልፈስም» አላለም። በመንገዱ አሚባራን፣ ዱብቲን፣ አሳይታን ያጠጣል። ከብቱም፣ ቴምሩም፣ እኛም የምንኖረው ባሕር ባልደረሰው ውሃ ነው።

በሱረቱል-ሙናፊቁን (63፡10) ሞት የመጣበት ሰው ጌታውን የሚለምነው ምን እንደሆነ ተነግሮናል፤ ሰደቃ እንዲሰጥና ከደጋጎቹ እንዲሆን ጥቂት እንዲያዘገየው። ዕድሜውን በሙሉ መልካሙን ሥራ ሲያዘገይ የኖረ ሰው በመጨረሻው ሰዓት የሚለምነው ማዘግየትን ነው! ያን ጊዜ ግን አይሰጠውም። ዛሬ ግን በእጃችን ናት።

አላህ ሆይ! ከጉድለታችን ጋር ተቀበለን፤ መልካሙን በጊዜው የምንሠራ አድርገን፤ ያሳለፍነውንም ይቅር በለን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።